የዳማ ማሰሪያ

ጌጡ ረጅሙን ሣር በሁለት እጁ ገለጥ ሲያደርግ ቀይ ቀበሮዋ በጎኗ ሞታ ተጋድማለች። አፏ ዙሪያ አረፋው ደርቆ ነጭ ሆኗል። ጡቷ አግቷል።

"ቡችሎች አሏት" አለ።

"እንዳትነካት ጋሽ ጌጡ፤ ወደኋላ በል" አለች ዶክተር ሰርካለም፣ ጓንቷን እያጠለቀች።

ሰርካለም የእንስሳት ሐኪም ናት። ከአዲስ አበባ እየተመላለሰች፣ ባሕር ማዶ ካሉ ባልደረቦቿና ከመንደሩ ጥበቃዎች ጋር የጓሳን ቀበሮዎች ስታጠና ዓመታት አልፈዋል። ጥበቃዎቹ ይቆጥራሉ፣ ያያሉ፣ ይናገራሉ፤ እሷ ናሙና ትወስዳለች። ጌጡ ደግሞ ከጥበቃዎቹ ሁሉ አብልጦ ይቺን ቀበሮ የሚያውቅ ነው። ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ተደፍታ ስትጠብቅ አንዳንዴ አብሯት ይደፋ ነበር፤ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ሲዘልቅ እሱ ተነሥቶ ይሄዳል፣ እሷ ግን ፍንክች አትልም። ይቺን ይወዳት ነበር፤ ምን ይደበቃል።

"ባለፈው ሞታ ያገኘናት ቀበሮ ውጤት መጥቷል" አለች ሰርካለም ቀና ሳትል። "የእብድ ውሻ በሽታ ነው።"

ጌጡ ባርኔጣውን አወለቀ።

"በሽታው ከውሻ ነው የመጣው። በየት በኩል እንደገባ ካወቅን እዚያ ያሉትን ቀበሮዎች ቀድመን እንደርስላቸዋለን። ክትባቱን ሥጋ ውስጥ አድርገን ነው የምንጥልላቸው፤ ያለን ግን ለአንድ ወገን ብቻ ነው የሚበቃው። ከተሳሳትን ሌላው ወገን ያልቃል። ነገ ስብሰባው ላይ መወሰን አለብን።"

"ሰው ሁሉ ለግጦሽ የመጡት የጊሼ እረኞች ውሾች ናቸው እያለ ነው።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"የኛዎቹማ ሁሉም ተከትበዋል" አለ ጌጡ። "አባቴ ናቸው መስቀል ይዘው ያስማሉን።"

እውነቱን ነው። ክትባቱ ለሁለተኛ ዙር የመጣ ጊዜ አባቱ አባ መርስዔ ኃዘን ሕዝቡን ከቤተ ክርስቲያኑ በር አቁመው፣ "ውሻውን የደበቀ ውግዝ ይሁን፣ ጓሳው ለሣር አጨዳ ሲከፈትም ማጭድ ይዞ አይውረድ" ብለው ገዝተዋል። የተከተበ ውሻ ሁሉ አንገቱ ላይ ቀይ ማሰሪያ ይታሰርለታል። ጌጡ በዚያ ቀን ሩቅ ጥበቃ ላይ ነበር፤ ሲመለስ የአባቱ ውሻ ነብሮ ማሰሪያውን አጥልቆ በጎች መሀል ተኝቶ አየና ደስ አለው። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ አባ "ነብሮን ጅብ በላብኝ" አሉት። አዘነ፣ ረሳው።

ማታ ወደ አባቱ ቤት ጎራ ሲል አባ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። እጃቸው ላይ ያለው ቀይ ማሰሪያ ነው። ጎረቤት ቡችላ ሊሰጣቸው ቃል ገብቷል።

ጌጡ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ማሰሪያውን አየ።

"አባ፣ ነብሮን ጅብ ከበላው ማሰሪያው እንዴት ተረፈ?"

መርፌው ቆመ። ጌጡ እጁን ዘርግቶ ማሰሪያውን ወሰደ። ጠርዙ ላይ የጅብ ጥርስ የበሳው ቀዳዳ አለ። ይህን ቀዳዳ ያውቀዋል፤ ከነብሮ በፊት የነበረው ውሻ ዳማ አንገቱን የተያዘ ለት የተበሳ ነው።

"ይሄ እኮ የዳማ ነው።"

"የዳማ ነው" አሉ አባ።

"ነብሮ አልተከተበም?"

"ዳማ ምን ሆነ? ጅብ አባርሮ የሚመለስ ውሻ ነበር። መርፌ ወጉት፣ ወኔውን ወሰዱት፣ ጅቡ ደፍሮ ገደለው። ሁለተኛውንም ላስወጋ? እነዚህን በጎች ማን ይጠብቅልኝ?"

"ታዲያ እርስዎ አይደሉም እንዴ የገዘቱን?"

"እኔ አልደበቅሁም!" አሉ አባ። "ከኪዳነ ምሕረት ጸበል ቀድቼ፣ ስሟን ጠርቼ፣ ሦስቴ ረጨሁት። ከመርፌ ጸበል ያንሳል? ሰዎቹ ጥበቃ የሌለው እንዳይመስላቸው ብዬ ነው ማሰሪያውን ያሰርሁለት።"

ጌጡ ሊቆጣ ፈልጎ አቃተው። ሽማግሌው ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ቢዋሹ ኖሮ ይቀል ነበር።

"የት ሄደ ነብሮ?"

"ጠባዩ ተለወጠ። ውሃ ባየ ቁጥር ይሸሽ ጀመር። ኋላ ማሰሪያውን በጥሶ ወደ ጓሳው ወረደ፤ በዚያው ቀረ።"

"ነክሶዎታል? ልሐጩስ ነክቶዎታል?"

"አጠገቡም አልደረስሁ።" አባ ማሰሪያውን መልሰው ተቀበሉት። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። ሆድ ይፍጀው። አርባ ዓመት ቀድሼ፣ በገዛ ቃሌ ውግዝ ሆኜ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ልቁም? ኖኅ ሰክሮ ቢራቆት አንዱ ልጁ አየና አወራ፤ ሁለቱ ፊታቸውን መልሰው አለበሱት። አንተ ካም አትሁንብኝ።"

ጌጡ ተነሣ። በጎቹን ቆጥሮ አስገባላቸው፣ በሩን ዘጋላቸውና ወጣ። ራቱን አልበላም፤ ሚስቱ ብትለምነውም "ሆዴ ሞልቷል" አላት።

ጠዋት ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ፣ ከጥዱ ሥር ተሰበሰበ። ጉሙ ገና አልተነሣም። ሥጋው በሣጥን ሆኖ የሰርካለም መኪና ላይ ተጭኗል። አባ መርስዔ ኃዘን ጸሎት አደረሱና መስቀላቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወደ ጌጡ አላዩም።

የጊሼ እረኞች ወኪል መልከ ጼዴቅ የሚባል ደረቅ ያለ ሰው ነው። ነጠላውን አደግድጎ መሀል ቆመ።

"ውሾቻችን ተከትበዋል። ኑና ማሰሪያቸውን እዩ።"

"ማሰሪያ ማንም ያስራል" አለው አንድ ሰው ከኋላ። ጥቂቶች ሳቁ።

"በዚህ ድርቅ ከግጦሽ ካስወጣችሁን ከብታችን ያልቃል። ባላደረግነው ነገር አትፍረዱብን።"

ሰው አጉረመረመ። ነገሩ አስቀድሞ ያለቀ ነበር፤ የሩቅ ሰው ሲያጠፋ ለሁሉም ይመቻል። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ "በጊሼ በኩል ነው" አሉ። ሰርካለም ሁሉንም ሰምታ ወደ ጌጡ ዞረች።

"ጋሽ ጌጡ፣ የጥበቃዎቹ ቃል ቀረ። ሥጋውን በጊሼ በኩል እንጣለው?"

ጌጡ ተነሣ። እዚህ አገር ምስክር ከመናገሩ በፊት መስቀል ይሳለማል። ወደ አባቱ ሄደ። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው መስቀሉን ዘረጉለት። የትናንቷ ቀበሮ ጡት ታወሰው። ቡችሎቹ ምናልባት አሁንም ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ይጠብቃሉ።

መስቀሉን አለፈውና ዝቅ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሳመ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ሌላውን ጉልበት። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ሕዝቡም ያውቀዋል። አባ የተዘረጋውን መስቀል ቀስ ብለው ደረታቸው ላይ መለሱት።

"ይፍቱኝ፣ አባ" አላቸው በለሆሳስ።

ከዚያ ቀና ብሎ ወደ መኪናው ዞረ።

"ዶክተር፣ ሥጋውን በኛ በኩል አድርጊው። በሽታው ከቤታችን ነው የወጣው።"