አባቴና ኦሬቲ ወንዝ የሞላ ዕለት

መተዳደሪያዬ እንግዶችን እየመሩ ዓሣ ማስጠመድ ነው። ኦሬቲ ወንዝ ይዣቸው እወርዳለሁ፤ ትራውት የሚባለው ዓሣ የቱ ድንጋይ ሥር እንደሚውል አሳያቸዋለሁ፤ ከላባና ከክር የተሠራችውን የማጥመጃ ዝንብ ውሃው ላይ ቀስ አድርገው እንዲያሳርፏት አስተምራቸዋለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ውሃ አንድም እንግዳ አልወሰደብኝም። የወሰደብኝ አባቴን ነው።

አቶል ይባላል። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በግ ሲሸልት ስለኖረ ወገቡ ቀና አይልም፤ እጁ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ አልተንቀጠቀጠም። ዝንቦቹን ራሱ ነበር የሚሠራቸው፤ የእኔን ደግሞ ባየ ቁጥር፣ “ይቺን ዓሣ ሳይሆን ድመት ነው የሚበላት” ይለኝ ነበር።

ያን ቀን እንግዳ ስላልነበረኝ ሁለታችን ብቻ ወጣን። ጥር ነው፤ የበጋው እኩሌታ። እኛ ጋ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ከላይ ተራሮቹ ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል።

“አባዬ፣ ላይ እየዘነበ ነው። ዛሬ ባንሻገርስ?” አልኩት።

“አንቺ ደግሞ! የእንግዶችሽን ምክር ለእንግዶችሽ። እኔ ይሄን ወንዝ የማውቀው አንቺ ሳትወለጂ ነው።”

እንግዳ ቢሆን ኖሮ እንቢ እለው ነበር።

የቀርከሃ ማጥመጃ ዘንጉን ይዞ፣ ከጉልበቱ በታች በሆነ ውሃ ተሻግሮ፣ ወንዙ መሐል ካለው የጠጠር ደሴት ላይ ቆመ። እኔ ሻይ ልቅዳ ብዬ ዳር ቀረሁ። ገና ፔርሙሱን ስከፍት ጩኸቱን ሰማሁ።

“ያዝኩት! ሬሊን፣ ያዝኩት! አንቺን ነው የሚያክል!”

ዘንጉ እንደ ቀስት ጎብጧል። ዓሣው ወደ ታች ይሮጣል፣ አባቴ ክር ይለቅለታል፤ ዓሣው ይቆማል፣ አባቴ ይጠቀልላል። እንደዚያ ሲስቅ ሳየው እናቴ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም፤ ውሃውን ማየት ሲገባኝ እሱን አየሁ። መጀመሪያ ጭራሮ ተንሳፍፎ አለፈ። ከዚያ ሣር። ከዚያ የውሃው መልክ ወተት የገባበት ሻይ መሰለ።

“አባዬ፣ ውጣ! ክሩን በጥሰው!”

“ትንሽ ታገሺኝ፣ ደክሞታል!”

“ወንዙ እየሞላ ነው እኮ!”

“አይቻለሁ!”

አይቶ ነበር። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ዓሣው ራሱ በጥሶ ሄደ፤ አባቴም ዞሮ ሲያይ በእኔና በእሱ መካከል ያለው ውሃ ደረት የሚደርስ ሆኗል።

ገባሁ። ጭኔ ድረስ እንደደረሰ ድንጋዮቹ ከእግሬ ሥር መንከባለል ጀመሩና ውሃው ጣለኝ። ሣር ጨብጬ ወጣሁ።

“እዚያው ቁሚ!” ብሎ ጮኸ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተቆጥቶኝ አያውቅም። “ድጋሚ ብትገቢ ልጄ አይደለሽም!”

ገመዱ መኪናው ውስጥ ነው፤ መኪናው የአርባ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ስልክ እዚያ አይሠራም። አንገቴ ላይ የማንጠለጥላትን በሳተላይት የነፍስ አድን ሠራተኞችን የምትጠራ መሣሪያ ተጫንኩ። ቀይ መብራቷ ብልጭ፣ ብልጭ አለች። መጣን አትል፣ አልሰማንም አትል፤ ብልጭ ማለት ብቻ።

ከዚያ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ዘንጌን አንስቼ ክሬን ወረወርኩለት። እንደዚያ አሳምሬ ወርውሬ አላውቅም፤ ክሩ ትከሻው ላይ አረፈ። ይዞ እጁ ላይ ጠቀለለው። ጫፉ አራት ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ቢታገለው እንደሚበጠስ ሁለታችንም እናውቃለን።

“አሁን ምን ልታደርጊኝ ነው? ልትጎትቺኝ?” አለኝ እየሳቀ።

“ዝም ብለህ ያዘው።”

ያዘው። ውሃው ጉልበቱ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ወገቡ ላይ። ከወንዙ ሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። አንድ ነገር ጮኾ ነገረኝ፤ አልሰማሁትም። “ምን?” አልኩት። ሊደግምልኝ አፉን ሲከፍት በጎኑ ዘመመና ሄደ። ክሩ እጄ ላይ ተወጠረ፣ ከዚያ ቀለለ።

በወንዙ ዳር ባለው እሾህ መካከል ወደ ታች ሮጥኩ። ቆቡን አየሁ፤ እሱን አላየሁም። ስድስት መቶ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ የወደቀ የአኻያ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዞት አገኘሁት፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ያስላል። ውሃ ውስጥ ለመቆም የለበሰው የጎማ ሱሪ ውሃ ሞልቶ እንደ ሲሚንቶ ከብዷል። ላወጣው አልቻልኩም። ኮሌታውን ጨብጬ፣ ጭንቅላቱን ከውሃው በላይ አድርጌ፣ የነፍስ አድኑ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ ተቀመጥኩ።

ኢንቨርካርጊል ከተማ ሆስፒታል በገባ በማግስቱ ነርሷን ሲያጫውታት ደረስኩ። “ይቺ ልጄ የታወቀች አጥማጅ ናት” አላት። “እኔን ግን ከእጇ አመለጥኳት።” ነርሷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ወዲያው ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ።

በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። የጠጣው ቆሻሻ ውሃ ሳንባው ገብቶ ነበር። መድኃኒት ቀየሩ፣ ደግመው ቀየሩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ተስፋ እንደሌለው ስትነግረኝ እኔን ሳይሆን ጫማዋን ነበር የምታየው።

“ክሩን ለምን በጊዜ አልበጠስከውም?” ብዬ ጠየቅኩት በስምንተኛው ቀን። መጠየቅ አልነበረብኝም።

“ምን አውቄ” አለ። “ደስ ብሎኝ ነበር።”

ያን ጊዜ ወንዙ መሐል ሆኖ ምን እንዳለኝም ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ግን እንቅልፍ ወሰደው። በማግስቱ ጠዋት ትንፋሹ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቆመ። አጠገቡ ነበርኩ።

ከቀብር መልስ ጎረቤቶቻችን ቺዝ ሮል የሚባለውን አይብ የተጠቀለለበት ዳቦ ይዘው መጡ፤ የመንደሩ አዳራሽ በሰው ሞላ። ሴቶቹ ተራ በተራ እያቀፉኝ፣ “ወንዙ ይዞት ቢቀር ኖሮስ? አልጋው ላይ ማረፉ ደግ ነው” ይሉኛል።

እኔም “አዎ፣ ደግ ነው” እላለሁ።