ጨዋዋ ሕፃን

ሴትዮዋ በዕድሜዋ ብዙ ተሰድባለች፤ እንደ አንድ ሙገሳ ግን ያንገበገባት የለም። «ስትወለድ እንዴት ያለች ጨዋ ሕፃን ነበረች!» የምትለዋ። እናቷ እስክትሞት ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ስታወራ ኖረች፤ እሷ ስታርፍ ደግሞ ታላቅ እህቷ ወሬውን ተረከበች። አታለቅስም ነበር፤ ጡት እንኳ ቀስቅሰው ነው የሚያጠቧት፤ ካስቀመጧት ቦታ ንቅንቅ የለም። እውነት ነው። ትራስም እኮ እንደዚያው ነው።

ጨዋነቷ ልኩን ማለፉ የታወቀው እኩዮቿ ሲሮጡ እሷ ገና መቀመጥ ስትለማመድ ነው። ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ፣ አንገት ውስጥ ያለችው ታይሮይድ የምትባል ዕጢ ከተፈጠረች ጀምሮ ሥራ እንዳልጀመረች ተናገረ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እህል ሳትቀምስ አንዲት ክኒን ትውጣለች። ክኒኗ በእግሯ አቆመቻት፤ ያለፈውን ጊዜ ግን ማን ይመልስ? ከትምህርት ጋር ሦስተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያዩ። አሁን ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። እህቷ ያወጣችላት «ቀሰስ» የሚል ስም እዚያም ተከትሏት ገብቷል። አንዴ ስለ ዕጢዋ አብራት ለምትሠራው አጣቢ ልታስረዳ ብትሞክር፣ አጣቢዋ አንገቷን ዙሪያውን አየችና፣

«ታዲያ እንቅርትሽ የታለ?» አለቻት።

«ቤት ረስቼው መጣሁ» ብላ መተኮሷን ቀጠለች።

የእህቷ ልጅ ወለደችና አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ አራሷን ልትጠይቅ ሄደች። ሳሎኑ በእንግዳ ጢም ብሏል። እህቷ የልጅ ልጇን ታቅፋ በሰው መሐል ታዞራለች።

«እዩልኝ እስቲ! ከተወለደች ድምጿን ሰምተን አናውቅም። ለጥ ነው! እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ መሰለቻችሁ!»

ሴትዮዋ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«እስቲ አምጫት፣ እትዬ።»

ተቀበለቻት። እንደ እርጥብ ፎጣ ዝልፍልፍ አለችባት። ቤቱ እንደዚያ ሞቆ እግሯ በረዶ ነው። ፊቷ ነፋ ብሎ ቆዳዋ ቢጫ ሆኗል፤ ወፍራም ምላሷ ከከንፈሯ ብቅ ብሏል።

«ካካዋስ ይወጣላታል?»

«አልፎ አልፎ፣ አክስቴ» አለች አራሷ። «እማዬ ቆጣቢ ናት አለችኝ።»

«ስትወለድ ተረከዟን ወግተው ደም ወስደውላት ነበር?»

«ኧረ የለም።»

«በይ ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ። ይህቺ ልጅ ቁርጥ እኔን ናት።»

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። እህቷ ብቻ አልሳቀችም።

«የራስሽን በሽታ በልጄ ላይ አታሟርቺ! ሰኞ እናሳያታለን። በእንግዳ ፊት አታዋርጂኝ።»

«እኔንም ሰኞ ሰኞ ስትሉ ነው ሁለት ዓመት የሞላኝ።»

«ምን ሆነሻል? ጤና የለሽም እንዴ?»

«የለኝም! ቀሰስ ናት እያልሽ ለሠፈሩ ሁሉ ስትነግሪ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ?»

ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቀለለችና ወደ በሩ ሄደች። ደፍ ላይ ቆማ ወደ አራሷ ዞረች።

«እናቷ አንቺ ነሽ። ካልሽኝ አስቀምጣታለሁ። ግን አሁን በይኝ።»

አራሷ እናቷን አየች፤ ልጇን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

ያን ዕለት «ቀሰስ» ደረጃውን ስትወርድ እህቷ ከኋላ እያለከለከች ልትደርስባት አልቻለችም።

ሐኪም ቤት ነርሷ የሕፃኗን ተረከዝ ወጋች። ልጅቷ ጥቂት አሰበችበትና አፏን ከፈተች። ከዚያች ጉሮሮ የወጣው ጎርናና ድምፅ የሽማግሌ እንጂ የሕፃን አይመስልም። እህቷ ድምፁን አወቀችው። የዛሬ አርባ ምናምን ዓመት ይህን ድምፅ ሰምታዋለች፤ ያኔ አስቋት ነበር።

ውጤቱ ሴትዮዋ እንዳለችው ሆነ። ሐኪሟ ግን ሕፃኗ ቶሎ ስለመጣች እንደ እኩዮቿ ታድጋለች አለች። ሴትዮዋ ክኒኑን ማንኪያ ላይ ደቁሳ በጡት ወተት ሕፃኗን እንዴት እንደምታስውጣት ለአራሷ አሳየቻት።

ከወር በኋላ ጠዋት ላውንደሪ እያለች ስልኳ ጮኸ። እህቷ ነበረች።

«ኧረ ይህቺ ልጅ ጆሮዬን በጠሰችው! ጡት ትንሽ ከዘገየባት ጎረቤት ይሰማል! ምን ዓይነት ባለጌ ናት?» ከጀርባዋ የሚሰማው ለቅሶ ቀጭንና ስል ነበር።

«ስልኩን ወደ እሷ አስጠጊው፣ እትዬ» አለች። ከዚያ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ስልኩን መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ አጣቢዋም ትስማ ብላ።