የአብዱልከሪም ኤንትሬ

ኑርዬ ያቺን ትንሽ መኪና የሠራት በፍቅር እንዳይመስላችሁ። በቂም ነው የሠራት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአሉሚኒየም በርና መስኮት ሥራው የተረፈችውን ሰዓት ሁሉ ያፈሰሰባት፣ ታላቅ ወንድሙን ሙሐዲንን በሰው ፊት ለማዋረድ ነው።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ኑርዬን የማያውቅ የለም። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሚስት አለው፣ የራሱ ሱቅ አለው፤ ፋታ ባገኘ ቁጥር ግን ቁጭ ብሎ ትንንሽ መኪና ይሠራል። የልጅ መጫወቻ ነው ያላችሁት እንደሆነ ይጣላችኋል። እውነተኛውን መኪና በሜትር ይለካል፣ ለአሥር ያካፍላል፣ ከዚያ በኋላ ነው የዘይት ቆርቆሮውን የሚቆርጠው። ጎማው ከበረባሶ ጫማ ይወጣል፣ መስታወቱ ከውሃ ፕላስቲክ። አባዱላ ሠርቷል፣ ባጃጅ ሠርቷል፣ አይሱዙ ከነተቀደደ ሸራው ሠርቷል። ባለመኪናው በሩ ላይ ያስጻፈው ጥቅስ ካለ እሱም አይቀርም፤ ጤፍ በምታህል ፊደል ይጻፋል። አንድ ነገር ብቻ አያደርግም። ሾፌርና ተሳፋሪ ከእንጨት ሲቀርጽ ፊት አያወጣላቸውም። ፊት ያለው ምስል ሐራም ነው ይላል። ስለዚህ የእሱ ሰዎች የሚታወቁት በልብሳቸው ነው።

ሙሐዲን በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠዋል። አባታቸው ሾፌር አብዱልከሪም የሞተ ጊዜ ኑርዬ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ሙሐዲን ደግሞ የአባቱ ረዳት ሆኖ ጭነት የሚያስር፣ ጎማ የሚፈታ ጎረምሳ። መኪናዋ ኤንትሬ ነበረች፤ ያቺ በአሰብ መንገድ እያቃሰተች ዳገት የምትወጣዋ የጣሊያን የጭነት መኪና። የአባታቸው አርባ ሳይወጣ ሙሐዲን ሸጣት። ማንንም አላማከረም። ኋላ ኮምቦልቻ ላይ ተቆራርጣ ብረቷ እንደተበተነ ተሰማ። ለምን ሸጥካት ሲባል «ሸጥኳት፣ በቃ» ከማለት በቀር እስከ ዛሬ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ኑርዬ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ «ጋሼ» ብሎት አያውቅም። መስጊድ በር ላይ ሲገናኙ ከወንድሙ አጠገብ የቆመውን ሰው ሰላም ብሎ ያልፋል። ሙሐዲንም ቢሆን ለስላሳ ሰው አይደለም። «የእናቴ ልጅ አርባ ዓመት አልፎት በቆርቆሮ ይጫወታል» እያለ ገበያ መሀል ያስቅበታል። ይህ ሁሉ ለኑርዬ ይደርሰዋል።

ለኑርዬ ከአባቱ የቀረችው አንዲት ትዝታ ናት። አምስት ዓመቱ ነው። ከመርሳ ወደ ሐይቅ እየተመለሱ ነው። ጋቢና ውስጥ ጭን ላይ ተቀምጧል፤ ሁለት ክንዶች ግራና ቀኝ አቅፈውታል። በግራ በኩል ባለው መስኮት ውሃው ከሩቅ ያብለጨልጫል። በሁለት እጁ ቀይ ላስቲክ የተጠመጠመበት ብረት ጨብጧል። መሪው ነው። «አባቴ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ አስይዞኛል» ይላል ላገኘው ሁሉ፤ አሥር ጊዜ ለሰማውም ሰው ይደግመዋል። በሆዱ ደግሞ የሚጨምረው አለው። ሙሐዲንን ጎማ አስፈታው፣ እኔን ግን መሪ አስያዘኝ ይላል። በዚህች ነበር የኖረው ሰውዬ።

ኤንትሬዋን ሊሠራ ሲነሳ በእጁ የነበረው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። አባቱ ነጭ ቆቡን ደፍቶ ከአፍንጫዋ ፊት ቆሟል፤ መስታወቷ ላይ ሰማይ እንጂ ውስጧ አይታይም። ልኳን ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ጓሮ ከወደቁ ሁለት ኤንትሬዎች አመጣ። የአንደኛዋ መሪ በቀኝ ነው፣ የሌላዋ በግራ።

«የአባትህስ በየት ነበር?» አለችው ሚስቱ ኢንሳፍ።

«በግራ ነዋ። ተቀምጬበት አይደል እንዴ?»

«የአምስት ዓመት ልጅ ነበርክ እኮ። ወንድምህ ረዳት ነበር፤ እሱን ብትጠይቀው ምን አለበት?»

«እሱን ከምጠይቅ ይቺ እጄ ትቆረጥ።»

«እሺ፣ ጋሽ ጁማን ጠይቃቸው። ከአባትህ ጋር አብረው ሲነዱ ነው የኖሩት።»

«ጋሽ ጁማን ዛሬ ብጠይቃቸው ነገ ሙሐዲን ጆሮ ይገባል። ቀድሞ እንዲያውቅ አልፈልግም።»

ኢንሳፍ ተወችው። ምን ታድርግ፣ ባሏን ታውቀዋለች። ሌላውን መኪና ሲሠራ የባትሪው ሳጥን በየት በኩል ነው ብሎ ሦስት ሰው የሚጠይቅ፣ አንድ ብሎን ከተሳሳተ አፍርሶ የሚሠራ ሰው፣ ለአባቱ መኪና ማንንም ሳይጠይቅ ቀረ። መሪውን በግራ ተከለ። ቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልጦ ላስቲኩን ጠመጠመበት። ከዋንዛ እንጨት አንድ ሰው ቀረጸ፤ ነጭ ቆብ አደረገለት፣ ጭኑ ላይ ትንሽ ልጅ አስቀመጠለት፣ ክንዶቹን በልጁ ዙሪያ አዞረ። የልጁን እጆች መሪው ላይ አሳረፈ። ስትጨረስ እንባው መጣ፤ ቢሆንም የተሠራችበትን ነገር አልረሳም።

የአባታቸው ሰደቃ በየዓመቱ የሚወጣው ሙሐዲን ቤት ነው። ኑርዬ ሌላ ጊዜ ከበር መለስ ይል ነበር፤ ዘንድሮ ግን መኪናዋን በነጠላ ሸፍኖ ገባ። ተበልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ አሚን ተብሎ፣ ሽማግሌዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ወግ ሲጀምሩ ተነሳና መሀል ምንጣፉ ላይ አስቀመጣት። ነጠላውን ገፈፈው።

«ይቺን ያመጣኋት» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አባታችን ምን ትቶ እንደሞተ ለረሳ ሰው ለማስታወስ ነው።»

ሙሐዲን የእጅ ማስታጠቢያውን ይዞ በር ላይ እንደቆመ ቀረ።

«በሰደቃ ቀን ነገር ፍለጋ መጣህ?» አለው።

«መኪና ይዤ ነው የመጣሁት። አንተ ያጠፋሃትን።»

«ቆርቆሮ ነው ይዘህ የመጣኸው።»

«ስጡኝ እስቲ ልያት» አሉ ጋሽ ጁማ፣ ነገሩን ለማብረድ ብለው። ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ዳሰሷት። የጭነቱን ስፖንዳ ከፈት ዘጋ አደረጉ፣ መሰላሏን ነካ አደረጉ። «እሷ ናት። አላህ ይርሐመው፣ እሷ እራሷ ናት። እጅህ ይባረክ ልጄ።» ኑርዬ ወንድሙን በድል አየው። ሽማግሌው ከዚያ በጋቢናዋ መስኮት ጎንበስ ብለው አዩና አውራ ጣታቸው በሩ ላይ ቆመ። «መሪውን…» አሉና ተዉት።

«መሪው ምን ሆነ ጋሽ ጁማ?»

«የለም፣ ደህና ነው። ደህና ነው።»

ሙሐዲን ማስታጠቢያውን አስቀምጦ መጣና መኪናዋን ከሽማግሌው ጭን ላይ ወሰዳት። ውስጧን አየ። ከዚያ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

«የአባታችን መሪ በቀኝ ነበር» አለ።

«ውሸትህን ነው።»

«እሳቸውን ጠይቃቸው።»

ጋሽ ጁማ ቀና ብለው አላዩም። «በቀኝ ነበር ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ ተቀምጬበታለሁ!» አለ ኑርዬ። «ሐይቁን በግራ መስኮት እያየሁ ነው የመጣሁት። መሪውን ይዤው ነበር፣ ቀይ ላስቲክ የተጠመጠመበት።»

ሙሐዲን ሳቁ ጠፋ። የተቀረጸውን ሰው ደግሞ አየው፤ ቆቡን፣ ልጁን፣ የልጁን እጆች። የገባው ያን ጊዜ ነው። ሲናገር ታዲያ ለወንድሙ አዝኖ አልነበረም፤ እንዲያመው ፈልጎ ነው የተናገረው።

«ቀዩ ላስቲክ መሪ ላይ አልነበረም» አለ። «ከግራው ወንበር ፊት የሚጨበጥ ብረት ነበር፣ እሱ ላይ ነው። የጠመጠምኩትም እኔ ነኝ። ፀሐይ አግሎት እጅህን ሲያቃጥልህ አለቀስክ፣ አሮጌ የውስጥ ጎማ ቆርጬ ጠመጠምኩልህ። አባታችን እየነዳ ልጅ ጭኑ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው መስሎሃል? ጋቢና እንዳትገባ ብሎ ነበር። ለምኜ ያስገባሁህ እኔ ነኝ። ከመርሳ እስከ ሐይቅ እኔ ጭን ላይ ነበርክ፤ ሸንተህብኝም ነበር።»

ከጥግ አንድ ሰው ሳቀ፣ ወዲያው አፉን ያዘ።

«በል አሁን ቆርቆሮህን ይዘህ ከቤቴ ውጣልኝ።»

ኑርዬ ውሸታም ሊለው ፈለገ። እጆቹ ግን አስታወሱ። ያ ብረት አይዞርም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ያውቀዋል፤ በትዝታው ውስጥ ብረቱ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ዞሮ አያውቅም። አባቴ አጥብቆ ይዞልኝ ነው እያለ ራሱን ሲያታልል ኖሯል። መኪናዋን አነሳ፣ ነጠላውን እዚያው ትቶ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ኢንሳፍ ፊቱን አይታ መንገድ ለቀቀችለት። ሱቁ ውስጥ ገብቶ መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሊረግጣት ይችል ነበር። ወንድሙን ይቅር ለማለትም ቢሆን ይህ ጥሩ ምክንያት ነበር፤ እሱ ግን ይቅር አላለውም። እንዲያውም የባሰ ጠላው። ያን ጊዜ የአባቱን መኪና ወሰደበት፣ ዛሬ ደግሞ የአባቱን ጭን። ለምን እንደሸጣትም አሁንም አልተናገረም።

ነገር ግን ኑርዬ ስህተት ያለባት መኪና አጠገቡ አስቀምጦ መብላት የማይችል ሰው ነው። ፒንሳውን አንስቶ መሪውን ከግራ ነቀለው። ቀዩን ፈታ፣ መሪውን በቀኝ ተከለ። ከግራው ወንበር ፊት ቀጭን ብረት አጠፈና ቀዩን እሱ ላይ ጠመጠመው። የልጁ እጆች ሳይነኩ ብረቱ ላይ አረፉ፤ ልኩ እስኪገርም ገጠመ። ከዚያ ከተረፈው ዋንዛ ሌላ ሰው ቀረጸ። ለዚህኛው ወደ ፊት የተዘረጉ፣ መሪ ብቻ የሚይዙ ክንዶች አደረገለት። ጭኑ ባዶ ነው። ሲቀርጸው ልቡ ደማ፣ ግን ቀረጸው።

በመጨረሻ በቢላው ጫፍ ነጩን ቆብ ከግራው ሰውዬ ራስ ላይ አንስቶ በቀኝ ለተቀመጠው አደረገለት። በግራ በኩል ያለው ሰውዬ ሌላ የሚለወጥ ነገር አልነበረውም። ፊት የለውም። ክንዶቹም ድሮ እንደነበሩ ልጁን አቅፈዋል።

ኢንሳፍ እራት ይበላ እንደሆነ ልትጠይቀው ገባችና ቆማ አየችው።

«ባለ ቆቡ አባትህ ናቸው» አለች። «ልጁን የያዘውስ ማነው?»

ኑርዬ የእንጨቱን ፍቅፋቂ ከጉልበቱ ላይ አራገፈ። ስሙን ሊጠራላት አልፈለገም።

«ረዳቱ ነው» አለ።