አሮጌው ማሽን የጻፈው ደብዳቤ

ኬኔዌ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ከአንድ የሞተ ኮምፒውተር የነቀለችውን የሚሞሪ ቁራጭ ዝገቱ እንዲለቅ በላጲስ ስትፈትግ በሩ ተከፈተና የክረምቱ ብርድ እግሯን ነካት። ማን እንደመጣ ለማወቅ ቀና አላለችም። በምታስተምርበት በዚህ ትምህርት ቤት ሳያንኳኩ የሚገቡት ርዕሰ መምህርቷ ብቻ ናቸው።

«እስከ አሥር ሰዓት ነው ያልኩሽ» አሉ ምሜ ማዲምፎ።

«ገና ስምንት ተኩል ነው፣ ምሜ» አለች፤ በአገሩ ወግ «እናቴ» እንደማለት ነው።

«ሰዓት አልጠየቅሁሽም።»

ከኋላቸው የወረዳው ትምህርት ቢሮ ባለሙያ ራማይሊ ገባ። እንደ አገሩ ልማድ ከሱፉ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ብብቱ ሥር ፋይል ሸጉጧል። በፋይሉ ውስጥ የዚህ የኮምፒውተር ክፍል አሥራ አራቱም ማሽኖች «የማይጠቅሙ» ተብለው ሰፍረዋል፤ የቀረው ፊርማው ብቻ ነው። ነገ ጠዋት መኪና መጥቶ ይጭናቸዋል፤ ክፍሉም የመምህራን ሻይ መጠጫ ይሆናል። የድሮው ሲስተም ጊዜው አልፎበት የተማሪዎቹን የኮምፒውተር ፈተና ፋይል እንኳ መክፈት አቅቶታል። ኬኔዌ ይህችን አንዲት ቀን ለምና ያገኘችው፣ ከማሽኖቹ አንዱ እንኳ አዲስ ሲስተም ተሸክሞ መሥራት እንደሚችል ላሳይ ብላ ነው።

ሁለቱ ሴቶች ሰላምታ ካቆሙ ስድስት ሳምንት ሆኗቸዋል። በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነስቶ ልጁ ኮምፒውተር ነክታ ታውቅ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ርዕሰ መምህርቷ «በየሳምንቱ» ብለው መለሱ። ያኔ ኬኔዌ ብድግ አለች። ክፍሉ ሁለት ተርም ሙሉ እንደተቆለፈ፣ ቁልፉ እሳቸው ቦርሳ ውስጥ እንዳለ፣ ልጆቹ መጻፍ የሚለማመዱት ካርቶን ላይ በተሳለ ኪቦርድ እንደሆነ ተናገረች። አዳራሹ ሳቀ። ምሜ ማዲምፎ ይቅር ያላሉት ያንን ሳቅ ነው። ኬኔዌም ብትሆን ለልጆቹ ብላ ብቻ እንዳልተናገረች ልቧ ያውቀዋል። ሳቁ ሲነሳ ጣፍጧት ነበር።

ሚሞሪውን ቦታው ላይ ተጭና አስገባችና ማሽኑን አስነሳች። መጀመሪያ የሞከረችው ቢሮው የላከውን ሲስተም ነው። ማሽኑ አጓርቶ አጓርቶ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ሰማያዊ ሳጥን አወጣ፤ ይህ ኮምፒውተር አቅም የለውም፣ ይላል።

ራማይሊ ሳቀ። «እኔ ምን አልኩ? ለሽማግሌ የኳስ ጫማ ብታደርጊለት ጎል አያገባም፣ አውሲ ኬኔዌ፣ እህቴ።»

«ሌላ አለኝ» አለች። ዋና ከተማው ማሴሩ ውስጥ ያለች ጓደኛዋ የላከችላትን ፍላሽ ከሹራብ ኪሷ አውጥታ ሰካች። በነጻ የሚገኝ፣ ለደካማ ማሽን የተሠራ ቀላል ሲስተም ነው። «ይሄ ውስጡ ያለውን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ይነሳል። ከወደድነው እንጭነዋለን፣ ካልወደድነው ነቅለን እናወጣዋለን።»

«እንደ አንዳንድ አስተማሪ» አሉ ምሜ ማዲምፎ።

ስክሪኑ ጠቆረ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት። ራማይሊ ሰዓቱን ገልጦ አየ። ኬኔዌ እጆቿን ጭኖቿ መሀል ቀበረች። ከዚያ ጨለማው ግራጫ ሆነ፤ ግራጫው ውስጥ የማውሷ ቀስት ብቅ አለች፤ በመጨረሻ ገጹ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። የፈተናውን ፋይል ነካችው። ዘገየ፣ ግን ከፈተው። የተሰማት ደስታ ሳይሆን እልህ ነበር፤ ዘወር ብላ ሴትዮዋን በዓይኗ ልትወጋ ቃጣት።

«መክፈት ሥራ አይደለም» አሉ ምሜ ማዲምፎ። «ተነሺ።»

ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ርዕሰ መምህርት ከመሆናቸው በፊት ሃያ ዓመት የታይፕ አስተማሪ ነበሩ። በአሥሩም ጣቶች፣ ኪቦርዱን ሳያዩ፣ ፊደሉን እንደ በረዶ ያዘንቡት ጀመር። ማሽኑ አልደረሰባቸውም። እሳቸው መስመሩን ጨርሰው ሲያበቁ ፊደሎቹ ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ነበሩ፤ እጃቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ ካሳረፉ በኋላም አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ መጡ።

ኬኔዌ ከኋላቸው ቆማ የገዛ ስሟ ሲጻፍ አየች። «እኔ ኬኔዌ ሞሃፒ፣ በራሴ ፈቃድ፣ ወደ ሴሞንኮንግ እንድዛወር እጠይቃለሁ።»

ሴሞንኮንግ። በረዶ ሲጥል መንገዱ የሚዘጋበት ተራራ። የአባቷ ግማሽ ጎን አይታዘዝለትም፤ በየጠዋቱ አጥባው፣ አጉርሳው ነው ወደ ሥራ የምትመጣው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙከራ ነዋ። እንዲሠራ አልነበር የፈለግሽው?» ወደሷ አልዞሩም። «ይህን ካተመና አንቺ ከፈረምሽበት፣ ማሽኖቹ ደህና ናቸው። ልጆችሽ ይማሩበታል። ካልፈረምሽ ግን ሞክረን አልሠራም እንላለን።»

«ለአንድ ሳቅ ብለው ነው?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «የሳቀብኝ ሰው አልነበረም።»

ራማይሊ ጫማውን ያይ ነበር። «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ።

«ብትሰማስ ምን ታመጣለህ?» አሉት ምሜ ማዲምፎ።

በመስኮቱ በኩል ግራጫ ሹራብ የለበሱ ልጃገረዶች ግድግዳው ሥር ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ። አንዷ ካርቶኗን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጣቶቿ ትደልቃለች። የኬኔዌ እጅ ወደ ፍላሹ ሄደ። አንድ ጊዜ ብትነቅለው ደብዳቤው እንዳልነበረ ይሆናል፤ ማሽኑም አብሮ። ጣቶቿ ብረቱን ነኩት፤ ሙቅ ነበር። ተወችው።

«አንዴ ይነሱልኝ፣ ምሜ። የአባቴን ስም ተሳስተዋል።»

ተነሱላት። ከአባቷ ስም አንዲት ፊደል አስተካከለች። ከዚያ አለፍ ብላ «በራሴ ፈቃድ» የሚለውን ፊደል በፊደል አጠፋችው። ማሽኑ እየተጎተተ ተከተላት። በምትኩ በሁለት ጣት ጻፈች፤ «ርዕሰ መምህርቷ፣ ከተዛወርኩ አሥራ አራቱ ማሽኖች ለተማሪዎች እንደሚቀሩ ስለነገሩኝ»።

ምሜ ማዲምፎ መነጽራቸውን እስኪያደርጉ አትም የሚለውን ነክታው ነበር። ከማሽኑ ጎን ያለው ፕሪንተር ተንቋቋ፤ ወረቀቱ ግማሽ ደርሶ ቆመና እንደገና ተንቀሳቀሰ።

«እኔ ይህን አልጻፍኩም» አሉ ምሜ ማዲምፎ መስመሩን አንብበው።

«ማሽኑ ጻፈው። ይሠራል ማለት ነው።»

ወረቀቱን ሳብ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ፈረመች፤ ፊርማዋ የሌላ ሰው መሰላት። ከዚያ ለርዕሰ መምህርቷ ሳይሆን ለራማይሊ ዘረጋችለት።

«የሙከራው ውጤት ነው፣ ንታቴ ራማይሊ። ቢሮው እንዲያነበው ከሪፖርትዎ ጋር ያያይዙት።»

«ራማይሊ» አሉ ምሜ ማዲምፎ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥኖ ነበር። «ወረቀቱን ወዲህ በል።»

ሰውዬው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሷን አየ። ፋይሉን ከብብቱ ሥር አወጣና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረው። ከዚያ ሌላው እጁ ቀስ ብሎ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ወጣና ኬኔዌ የዘረጋችውን ወረቀት ተቀብሎ ፋይሉ ላይ አኖረው።