ዋሱ አበልጅ ይሁን

ኤላዲዮ ሩዝ እየመዘነ ነው የሚስቱን ሳቅ የሰማው። ኔሬይዳ ከሱቁ ጀርባ፣ ግቢው ውስጥ ልጃቸውን ዳማሪስን ታቅፋ የድምፅ መልእክት ታዳምጣለች። ኤላዲዮ የሚስቱን ሳቅ ለይቶ ያውቃል። ለደንበኛ የምትስቀው አለ፤ ለእሱ የምትስቀው አለ። ይሄኛው ግን ከሁለቱም አልነበረም። ሩዙን እንደያዘ ጆሮውን ወደ ጓሮ ጣለ።

«አይዞሽ ኔኒ» ይላል አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ። «እኔ በሕይወት እያለሁ ባልሽ ዋስ አጥቶ አይቀርም። ለእመቤታችን በዓል ስመጣ ሁሉን ነገር እንጨርሳለን።»

ኔኒ! ከዚህች ሴት ጋር ጎጆ ወጥቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ እናቷን አብሯት ቀብሮ፣ እንዲህ የሚባል ስም እንዳላት እንኳ አያውቅም ነበር።

«ኧረ ኤላዲዮ፣ ሩዙ መሬት ላይ እየፈሰሰ ነው!» አለች ገዢዋ። «የፈሰሰውንም ልታስከፍለኝ ነው?»

ሌላ ቀን ቢሆን የእሷን ቀልድ በሌላ ቀልድ ይመልስ ነበር። ዛሬ አጎንብሶ ሩዙን ጠረገ።

ድምፁ የራዳሜስ ነው። ራዳሜስ የዚሁ የባኒ ከተማ ልጅ ሲሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አሜሪካ፣ ሎረንስ ከተማ የሚኖር የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ባለቤት ነው። ኔሬይዳም ያደገችው እዚያው ነው፤ ዜግነቷንም ያገኘችው እዚያው። የታመሙትን እናቷን ልታስታምም ወደ ባኒ ከመመለሷ በፊት ከራዳሜስ ጋር ተጫጭተው ነበር። ለምን እንደተለያዩ ኤላዲዮ ጠይቋት ያውቃል። «አልሆነማ» ብላ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። ያቺ «አልሆነማ» ጉሮሮው ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክታ ቀርታለች።

አሁን እናቷ አርፈዋል። ኔሬይዳ ወደ ቀድሞ የሆስፒታል ሥራዋ ልትመለስ፣ ባሏንም ይዛ ልትሄድ ቪዛ ጠይቃለታለች። ጋብቻው ታየ፣ ታመነበት፤ የቀረው የዋስ ነገር ብቻ ነው። ባሏን የምታስገባ ሴት ልታኖረው እንደምትችል ማሳየት አለባት፤ ኔሬይዳ ደግሞ ባኒ ተቀምጣ እዚያ ምን ገቢ ይኖራታል? ስለዚህ እዚያ የሚኖር፣ ገቢው የታወቀ ሰው አብሯት መፈረም ነበረበት። ወንድሟ ከሎረንስ ርቆ ሌላ ከተማ ታክሲ ነጂ ነው፤ ለመንግሥት ያሳወቀው ገቢ ግን ከሚያገኘው የግማሹን ግማሽ እንኳ ስለማይሆን አይበቃም ተባለ። እህቷ የባሏን ወንድሞች ለማምጣት ፈርማ ጨርሳለች። በሩ ሁሉ ሲዘጋ ራዳሜስ ሳይለመን «እኔ እፈርማለሁ» አለ።

የኤላዲዮን አንጀት ያሳረረችው ይህች «ሳይለመን» ናት።

ማታ ማታ ሱቁ ደጃፍ፣ ከለውዙ ዛፍ ሥር ዶሚኖ ይጫወታሉ። ቼፔ የሚባል የልጅነት ጓደኛው አለ፤ ሞተር ብስክሌት እየነዳ ሰው የሚያመላልስ፣ አፉ ከሞተሩ የሚፈጥን ሰው።

«እኔን የገረመኝ» አለ ቼፔ ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጎ፣ «ዋስትናው በፍቺ አይፈርስም ማለታቸው ነው። ከኔሬይዳ ብትፋታ እንኳ ራዳሜስ ዋስህ እንደሆነ ይቀራል አሉ። እና ያገባኸው ማንን ነው ጃል?»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ።

«ተጫወት፤ ተራህ ነው» አለ ኤላዲዮ።

«ተጫውቼ አይደል? አንተ ነህ ጠጠርህን አቅፈህ የተቀመጥከው። ሰውየው ገና ሳይመጣ ዓይንህ ደም ለበሰ። ሲመጣስ ምን ልትሆን ነው?»

ኤላዲዮ ጠጠሮቹን ገልብጦ ተነሣና ገባ። ኔሬይዳ ልጅቷን እያስተኛች ነበር።

«እሱ አይፈርምም» አላት።

«ማን ይፈርም ታዲያ?»

«ማንም። ይቅርብኝ።»

ኔሬይዳ ልጅቷን አልጋዋ ላይ አስተኝታ ቀስ ብላ ዞረች። የምትቆጣ መስሎት ነበር፤ አልተቆጣችም።

«እሺ፣ እሱ አይፈርምም። እንግዲያው እኔና ዳማሪስ ቀድመን እንሄዳለን። ሥራ እይዛለሁ፣ ደመወዜ ለአንተ እስኪበቃ እንጠብቃለን። ዓመት ይሁን ሁለት ዓመት እንጃ። የት የምኖር ይመስልሃል? ሎረንስ ነው፤ ሥራዬም እህቴም ያሉት እዚያ ነው። ራዳሜስስ የት ነው የሚኖረው?»

መልሱን ያውቀዋል። ሰውየው ቢፈርም ከሚስቱ ጋር ይሄዳል፤ ባይፈርም ሚስቱን ለብቻዋ ወደ ሰውየው ከተማ ይልካል። ቅናቱ በየትኛውም በር ቢወጣ ደጁ ላይ ራዳሜስ ቆሞ ይጠብቀዋል።

በማግስቱ እናቱ ዶኛ ሜሊዳ አተር ሲፈለፍሉ አጠገባቸው ተቀመጠ። አሮጊቷን ያሳሰባቸው የቪዛው ነገር አልነበረም።

«ይቺ ልጅ ሳትጠመቅ አውሮፕላን አትሳፈርም» አሉት። «ሰማይ ላይ ሆና አንድ ነገር ብትሆን ማን ብሎ ይቀበላታል? ክርስትና የሚያነሣት ፈልግ።»

«ቼፔ አለ።»

«ቼፔማ ምኑ ይጠላል! አበልጅ ማለት ግን ቀልድ አይደለም፤ ከእናት ልጅ ይበልጣል። እላይ ተራራው ላይ፣ እናቴ ስትነግረኝ፣ አንድ ሰው ከአበልጁ ጋር ተኛ። ሁለቱም ሞቱ። አፈሩ አልቀበላቸው ብሎ በየምሽቱ ሁለት የእሳት ብርሃን ሆነው ገደሉ ላይ ይሳደዳሉ። እኔ ራሴ አይቻቸዋለሁ።»

«አንቺ ያየሽው በጨለማ የሚያበራውን እሳት ዝንብ ነው፣ እማዬ።»

«እሳት ዝንብ አያለቅስም» አሉት።

ኤላዲዮ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቋረጠ። በባኒ የሰው ሚስት የተመኘ ሰው ይታማል እንጂ ከጨዋታ አይባረርም። አበልጁን የተመኘ ግን የቅርብ ዘመድ እንደደፈረ ይቆጠራል፤ ሰላምታ የሚሰጠው እንኳ አያገኝም። ክርስትና አንሣልኝ ተብሎ እምቢ ያለ ሰውም ተሰምቶ አይታወቅም። እንግዲህ ዋሱ አበልጅ ይሁን! ይፈርም፣ ይርዳ፣ ሎረንስም ይኑር። በእሱና በኔሬይዳ መካከል ግን የጥምቀት ውኃ ይፍሰስ።

ሐሳቡን ሲነግራት ኔሬይዳ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

«አንተ? ራዳሜስን?»

«ውለታ አይደል የሚውልልን? በምን እንመልስለት?»

ፊቷ በራ፤ ተነሥታ አቀፈችው። እሱ ግን በእቅፏ ውስጥ ሆኖ ይመረምር ነበር። ብታመነታ ኖሮ «ለምን አመነታች?» ብሎ በነደደ። ደስ ስላላት ደግሞ «ለምን ይህን ያህል ደስ አላት?» ብሎ ነደደ።

ራዳሜስ ለበዓሉ መጣ። ከተማው በሙዚቃና በርችት ተሞልቶ ነበር። በተከራየው መኪና ደጃፉ ላይ ሲቆም ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ሱቁ ውስጥ ገባ። ኤላዲዮ ሽበቱንና ሆዱን እያየ ትንሽ ተጽናና። ወዲያው ግን ራዳሜስ ልጅቷን «ነይ የእኔ ወፍ» ብሎ ሲያነሣት፣ ለማንም የማትስቅ ልጅ ድዷን አውጥታ ሳቀችለት። የኤላዲዮ መጽናናት እዚያው ላይ አለቀ።

ዶኛ ሜሊዳ ሳንኮቾ ሠርተው ነበር፤ ሥጋው፣ ካሳቫው፣ ሙዙ አንድ ላይ የበሰለበት ወፍራም ሾርባ። ቼፔም ሳይጠራ መጥቶ አንድ ጥግ ይዟል። ራዳሜስ «እጅዎ ይባረክ፣ ዶኛ ሜሊዳ» እያለ ሁለተኛ ሳህን ሲቀበል ኤላዲዮ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ራዳሜስ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። የዳማሪስን ክርስትና አንሣልኝ።»

«እልል!» አለ ቼፔ። «እኔን ረሳኸኝ አይደል? ግድ የለም፤ እኔ ስጦታ የመግዛት አቅም የለኝም።»

ሁሉም የራዳሜስን «እሺ» ጠበቁ። ራዳሜስ ግን ሾርባው ውስጥ የወደቀ ነገር እንዳለ ሁሉ ሳህኑን ትኩር ብሎ ተመለከተ።

«ትልቅ ክብር ነው» አለ በመጨረሻ። «ትልቅ ክብር ነው... ኤላዲዮ፣ አንድ ጊዜ ሱቁ ውስጥ ላነጋግርህ?»

ዶኛ ሜሊዳ አማተቡ።

ሱቁ ውስጥ፣ በሽንኩርቱ ጆንያና በማቀዝቀዣው መካከል ፊት ለፊት ቆሙ።

«ዋስ እሆንሃለሁ» አለ ራዳሜስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከፈለግህ አሁኑኑ ልፈርም። አበልጅ ግን አልሆንህም።»

«በዚህ አገር እንዲህ ተብሎ እንደማያውቅ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ለምን እንደለመንከኝም አውቃለሁ። እኔም የባኒ ልጅ ነኝ፤ አጥር ልታጥርብኝ ነው። አልፈርድብህም፤ አንተን ብሆን እኔም አደርገው ነበር።» ላቡን ጠረገ። «ግን ልጅህን ታቅፌ፣ ካህኑ ፊት፣ በልቤ ምን እንዳለ እያወቅሁ እንዴት ልቁም? ወረቀቱ ላይ የምፈርመው እውነት ነው፤ ብትራብ አበላሃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ግን አልዋሽም።»

የኤላዲዮ እጅ ሳያስበው ተጨበጠ። «ስለዚህ ትወዳታለህ።»

«እሷ የምታውቀው ነገር የለም። እሷስ እናቷን ልታስታምም ስትመጣ አብረን እንሂድ ብላ ለምናኝ ነበር። እኔ ማጠቢያ ቤቴን ትቼ የት እሄዳለሁ አልኩ። ይኸው ነው ታሪኩ። እኔ አልመጣሁም፤ አንተ እዚህ ነበርክ።»

ኤላዲዮ ሊመታው ፈልጎ ነበር። ሰውየው ዋሽቶ «እሺ» ቢለው ኖሮ ዛሬ እፎይ ብሎ ይተኛ ነበር። ያችን ለዓመታት የቆረቆረችውን «አልሆነማ» ትርጉሟን የነገረው ደግሞ ይኸው ሊመታው የፈለገው ሰው ነው። እጁ እንደተጨበጠ ቀረ።

ኔሬይዳ ልጅቷን ታቅፋ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። «ምን ሆናችሁ? እናታችን ጸሎት ጀምረዋል እኮ።»

ራዳሜስ ወደ ማቀዝቀዣው ዞረ። ኤላዲዮ መናገር ይችል ነበር፤ አንዲት ቃል ብቻ ይበቃል፣ ይህ ሰው ዳግመኛ ደጃቸውን አይረግጥም። ቃሏ አፉ ውስጥ ነበረች። ነገር ግን አንዴ ከወጣች ኔሬይዳም ታውቃታለች፤ ይዛት ሎረንስ ትገባለች።

«አልሆንም አለ» ብቻ አላት።

«ለምን?»

«አጥር ላጥርበት መሆኔን ስላወቀ።»

ኔሬይዳ ተራ በተራ አየቻቸው። ነገሩ ሲገባት ልጅቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ልጄን? ልጄን አጥር ልታደርጋት ነበር?»

«ኔሬይዳ...»

«እኔ ላም መሰልኩህ የምታጠር? ውለታ መስሎኝ አቅፌህ ነበር እኮ! አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኛል?»

«ጠይቄሽ ነበር። 'አልሆነማ' ብለሽ ሳህን አጠብሽ።»

 ከዚያ ጓሮ ወጣች፤ በሩ ከኋላዋ ጓ አለ። ያን ምሽት ከዶኛ ሜሊዳ ጋር ተኛች፤ ኤላዲዮም እስኪነጋ የጣሪያ እንጨት ሲቆጥር አደረ።

ዳማሪስ የተጠመቀችው እሑድ ነው። ክርስትናዋን ያነሣት ቼፔ ነበር፤ ጫማውን ተውሶ፣ ልጅቷን እንደ ነዳጅ ጄሪካን አቅፎ። ራዳሜስ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ካህኑ ውኃውን ሲያፈሱ ኤላዲዮ አንገቱን ጠምዝዞ ወደ ኋላ እያየ ነበር። ሰውየው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አንዴም ወደ ኔሬይዳ አላነሣውም። ይህም ኤላዲዮን አበሸቀው፤ የማይመኛትን ሴት ላለማየት እንዲህ የሚጠነቀቅ ማን አለ? ቢሆንም ከዚህ የሚበልጥ ጥበቃ ከየት እንደሚያመጣ አላወቀም። በውኃው አጠገብ ያልዋሸ ሰው፣ እንግዲህ ሌላ የት ይዋሻል?

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቁን ከፍቶ ባንኮኒውን ወለወለና ራዳሜስን ጠራው። ኔሬይዳ ወረቀቶቹን አምጥታ ዘረጋች። ከዚያ ምሽት ወዲህ ለኤላዲዮ ከ«ብላ» እና «በሩን ዝጋ» ያለፈ ነገር አልተናገረችም።

«ፈርም» አለ ኤላዲዮ። «ከመፈረምህ በፊት ግን አንድ ነገር አለኝ። ስንመጣ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳትመጣ።»

«አልመጣም።»

«አበባም አትላክ።»

«አልልክም።»

«ደግሞ ስሟ ኔሬይዳ ነው።»

ራዳሜስ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ በእሺታ ራሱን ነቅንቆ ፈረመ።

ኔሬይዳ ወረቀቶቹን ሰብስባ የባሏን ፊት ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ታግላ ያዘችው።

«ታኅሣሥ ላይ ነው እኮ የምንደርሰው» አለችው። «በረዶ ነው። እህቴ መኪና የላትም። ሻንጣውን፣ ልጅቷን ይዘን በምን ልንሄድ ነው?»

«በእግራችን» አለ ኤላዲዮ።

«አርባ ኪሎ ሜትር ይሆናል።»

«በእግራችን አልኩሽ!»