ሁለተኛው መስመር

የቺፑ ንድፍ ወደ ፋብሪካ የሚላከው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን መሐንዲሷ አጎቷ የሠሩትን የቺፑን የአድራሻ ሰንጠረዥ ፊቷ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሰንጠረዡ አንድ ገጽ ነው፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ በማስመሪያ የተሰመረ። ከግርጌው ሁለት የፊርማ ቦታ አለው። በግራ በኩል አጎቷ ፈርመዋል። የቀኙ የአረጋጋጩ ነው፤ የሷ ነው፤ ባዶ ነው።

አጎቷ የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። በመሥሪያ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። እሷንም ከአራት ዓመት በፊት ያስገቧት እሳቸው ናቸው፤ "ፈትኗት፤ ካልቻለች ወደ እናቷ መልሷት" ብለው። በአንድ ቺፕ ውስጥ የትኛው ክፍል በየትኛው አድራሻ እንደሚገኝ ወረቀት ሳያዩ ስለሚናገሩ ባልደረቦቻቸው "መዝገቡ" ይሏቸዋል። የመዝገቡን ሰንጠረዥ አየት አድርጎ መፈረም የቤቱ ልማድ ነው። መጠየቅ የከለከለ የለም፤ የጠየቀም የለም።

የጡረታቸው ጊዜ ደርሷል። ሁለት ዓመት እንዲራዘምላቸው አመልክተው ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም ይህ ንድፍ እንደተላከ መልስ እሰጣለሁ ብሏል። እሳቸው ስለዚህ ነገር ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ባለቤታቸው ግን ለመሐንዲሷ እናት ነገሯት፣ እናቷ ደግሞ ለሷ። "ቤት ከዋለ አንድም እሱ ይሞታል፣ አንድም እኔ" ነበር ያሉት ባለቤታቸው።

ያን ቀን መሐንዲሷ ሰንጠረዡን ልትጠራጠር አልተነሳችም። ለሌላ ጊዜ ሰንጠረዡን በእጅ ከመጻፍ የሚያድን፣ ስክሪፕት የሚሉትን አጭር ፕሮግራም እየሠራች ነበር። መነሻው አንድ ትዕዛዝ ነው፤ የንድፍ ሶፍትዌሩን "እዚህ ውስጥ ስንት የአድራሻ ክልል አለ? የማን የማን?" ብሎ ይጠይቃል። የአድራሻ ክልል ማለት አንድ ክፍል ሌሎቹን የሚያገኝበት የራሱ የአድራሻ ዝርዝር ነው። ፖስተኛውና ቆሻሻ ሰብሳቢው አንዱን ቤት በተለያየ ቁጥር ሊያውቁት ይችላሉ፤ ሁለቱም ካልተሳሳቱ ቤቱ ይገኛል።

"ዛሬም ከማሽኑ ጋር ወሬ ይዘሻል?" አላት ከፊት ለፊቷ የሚቀመጠው፣ ቀጭኑ የሚሉት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ሠሪ። "መዝገቡን ብትጠይቂ ይፈጥን ነበር። እሳቸው መብራት ቢጠፋም ይሠራሉ።"

"አንተ ደግሞ ቢበራም አትሠራም።"

"ኧረ በጠዋቱ ተይኝ!"

ትዕዛዙን ላከችው። የጠበቀችው አንድ መስመር ነበር፤ የዋናው አዛዥ ክፍል፣ የፕሮሰሰሩ ክልል። የመጣው ግን ሁለት ነው። ሁለተኛው የመረጃ አመላላሹ ነበር፤ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር መረጃ ወስዶ ሜሞሪ ውስጥ የሚያስቀምጠው ክፍል። የሱን ዝርዝር ከሰንጠረዡ ጋር አስተያየችው። ሜሞሪው ባለፈው ወር ወደ አዲስ አድራሻ ተዛውሯል፤ ሰንጠረዡም ፕሮሰሰሩም አዲሱን ይዘዋል። አመላላሹ ግን አሁንም የሚያውቀው የድሮውን ነው። ሶፍትዌሩ ይህን እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ ሁለት ክፍሎች አንድን ነገር በተለያየ አድራሻ ቢያውቁት የተፈቀደ ነው።

ቺፑ የአራስ ሕፃናትን ትንፋሽ ለሚከታተል መሣሪያ የሚሠራ ነው። ፕሮግራም ጻፊዎቹ ለአመላላሹ ትዕዛዝ የሚሰጡት በሰንጠረዡ አድራሻ ነው፤ በሱ ክልል ደግሞ እዚያ አድራሻ ላይ ምንም የለም። ስለዚህ አዲሱ ትንፋሽ ሜሞሪው አይደርስም፤ ስክሪኑም የቆየውን ደጋግሞ ያሳያል። ሕፃኑ መተንፈስ ቢያቆም እንኳ።

ትዕዛዙን ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ ሰንጠረዡን አንስታ ወደ አጎቷ ክፍል ሄደች።

"ፈረምሽ?" አሏት ቀና ሳይሉ።

"ገና ነኝ፣ ጋሼ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው።"

"ምን ሆነሻል? ሰርግ ያልጠሩት ዘመድ መሰልሽ።"

"የአመላላሹ አድራሻ ከሰንጠረዡ ጋር አልገጠመም።"

መነጽራቸውን አወረዱና አዩዋት። ከዚያ ሳይናደዱ ወደ ኮምፒዩተራቸው ዞሩ። በሁለት ጣት፣ ግን ሳይሳሳቱ፣ ትዕዛዙን ከፕሮሰሰሩ ስም ጋር ጻፉ። ዝርዝሩ መጣ። በእርሳሳቸው ጫፍ ከሰንጠረዡ ጋር እያመሳከሩ እስከ ታች ወረዱ።

"ይኸው። አንዱም አልተዛነፈ።"

"እርስዎ የጠየቁት እኮ ፕሮሰሰሩን ብቻ ነው። ስሙን ያጥፉትና ሁሉንም ይጠይቁ።"

ስሙን ሆሄ በሆሄ አጠፉት። ሁለት መስመር መጣ። የሁለተኛውን ዝርዝር አስወጡና በእርሳሳቸው ጫፍ ከሰንጠረዡ ጋር አመሳከሩት። ከኮሪደሩ የቀጭኑ ሳቅ ይሰማ ነበር።

"ድሮ የሚጠየቅ አንድ ብቻ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ከፕሮሰሰሩ ሌላ አድራሻ የሚጠራ አልነበረም። አመላላሹን እዚህ ንድፍ ውስጥ ያስገባሁት ራሴ ነኝ፤ መጠየቁን ግን እንደ ድሮው ጠየቅሁ።"

"ማስተካከሉ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም" አለች መሐንዲሷ ቶሎ ብላ። "ሰንጠረዡ ራሱ ልክ ነው። አመላላሹን ወደ አዲሱ አድራሻ አዛውረዋለሁ፣ እፈርማለሁ፣ በዘጠኝ ሰዓት ይላካል። ማንም ማወቅ የለበትም።"

"ፈተናውስ?"

የንድፉ ፈተና የተደረገው ሜሞሪው ከመዛወሩ በፊት ነበር።

"አድራሻ ስለተቀየረ ፈተና አይደገምም ያልኩትም እኔ ነኝ" አሉ። "አንድ ጥፋት በሌላ አይሸፈንም። ነይ።"

ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፤ የእሳቸውን ግማሽ ዕድሜ ቢሆን ነው። ሲገቡ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው። እሳቸው ግን ቆመው ስህተቱን በአራት ዓረፍተ ነገር አስረዱት፤ ማን እንደሳተና ማን እንዳገኘ ግን አልጨመሩም። ሁለት ቀን ለፈተና እንደሚያስፈልግም ነገሩት።

"ሁለት ቀን! ፋብሪካው እኮ ወረፋ ይዞልናል፣ ጋሼ።"

"ወረፋው ይለፈን።"

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን አሻሸ። ቀጥሎ ግን ፊቱ ፈታ አለ። መሳቢያውን ከፍቶ የማራዘሚያውን ደብዳቤ አወጣ።

"እውነቱን ልንገርዎት? ይህን ነገር ሳመነታበት ነበር የሰነበትኩት። አሁን አበቃ። እርስዎ ባይኖሩ ይህን ማን ያይ ነበር?" አለና የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለ።

መሐንዲሷ የጫማዋን ጫፍ ተመለከተች። ደብዳቤው እንዲፈረም ከሷ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር።

"ያየችው እሷ ናት" አሉ አጎቷ። "የሳትኩት እኔ ነኝ።"

እስክሪብቶው ከወረቀቱ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቆመ።

"ታዲያ..." አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ሊቀልድም ፈልጎ ነበር፤ "እርስዎን የማራዝመው ለምኔ ነው?"

"እኔም እሱን እያሰብኩ ነው።"

ማንም አልሳቀም። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ወደ መሳቢያው መለሰና ፈተናው እንዲደገም ፈቀደ።

ኮሪደሩ ላይ እስኪወጡ ጠብቃ "ምን አስቸኮለዎት?" አለቻቸው። ድምፅዋ ቁጣ ነበረበት። "ዝም ቢሉ ኖሮ ፈርሞ ነበር እኮ!"

"ይፈርም ነበር። ከዚያ አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆድሽ ይዘሽው ትኖሪ ነበር። የናትሽ ልጅ መሆንሽን አጣሁት? ሦስተኛው ቀን ላይ ፈንድተሽ ለአገር ታሰሚ ነበር።"

"እኔ?"

"ሰርጌ ላይ እናትሽ ያወጣችብኝን ጉድ ጠይቂያት።"

ሳትወድ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም፤ ወደ ቤተ ሙከራው የሚወስደውን ደረጃ መውረድ ጀምረው ነበር።

ደብዳቤው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ሌላ ደብዳቤ ነበር፤ ስለ ረጅም ዘመን አገልግሎታቸው ሦስት ጊዜ ያመሰግናል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ቆመው አነበቡት።

"ሦስቴ ያመሰገነ ሰው ሊሸኝ ነው" አሉና አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ቀጭኑ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ፈተናው ሊያልቅ አርባ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ወንበር አስቀርበው ስክሪኑ አጠገብ ተቀመጡ፤ አልተነሱም። ሰው ሠራሽ ትንፋሹ ሲላክ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲቋረጥ ቀጥ ይላል፤ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። ፈተናው ይህን መቶ ጊዜ ደገመው፤ መቶውንም ጊዜ ጮኸ።

"ለሥራ አስኪያጁ ይንገሩት፣ ጋሼ" አለች መሐንዲሷ ውጤቱ ሲወጣ።

"አንቺ ደውዪለት።"

"እርስዎ ቢነግሩት ይሻላል።"

"ነገ ከነገ ወዲያ የሚጠይቀው አንቺን ነው። ከአሁኑ ድምፅሽን ይልመደው።"

ቁጥሩን መታች። ስልኩ ተይዞ ነበር። ዘጋችና እንደገና ሞከረች፤ እሳቸውም አጠገቧ ቆመው ጠበቁ።