በዓል የሚያከብረው ሰርቨር

ዘላለም ቆቦ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ሌሎቹ ቀራጮች ሲዲውን ካስረከቡ በኋላ ፊልሙን ያጠፉታል፤ እሱ ግን አንድም አያጠፋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? የአሥራ አንድ ዓመት ሰርግ ሁሉ እመኖሪያ ቤቱ ጓዳ፣ በጨረታ በገዛው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ታጭቋል። ሰርቨር ይለዋል። ዋይፋይ ስለሰካበት ጎረቤቱ በየስልኩ እየገባ ሰርጉን ያያል። ከባሏ የተኳረፈች ሳትቀር ከፍታ አይታ፣ "ያኔማ እንዴት ያምር ነበር!" ብላ ትታረቃለች። ጽድቅ እኮ ነው የሚሠራው!

ሰርቨሩ ሁለት ሃርድ ዲስክ ነበረው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ግን ማሽኑ ቀን ቀን እየጋለ መጥፋት ጀመረ። በሚያዝያ አንደኛው ዲስክ ሞተ። የተረፈውም ሰኔ ሲጠባ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር፤ ትንሽ ሲግል አንድ ፊልም እንኳ እስከ መጨረሻው አንብቦ አይሰጥም።

ዘላለምን እንቅልፍ የነሳው አንድ ፊልም ነው፤ የራሱ ሰርግ። እዚያ ላይ የሚስቱ የየትናየት አባት፣ አቶ አባይ፣ ይጨፍራሉ። ከሰርጉ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ። ሲዲው ተጫጭሮ አልቋል፤ ሌላ የሚንቀሳቀስ ምስል የላቸውም። ይኼ ዲስክ ከሞተ አቶ አባይ ሁለተኛ ሞቱ ማለት ነው።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከዋጃ መጥተው ከልጃቸው ቤት መኖር ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው። ታዲያ አማትና አማች ናቸውና ዓይን ለዓይን አይተያዩም። እሱ ሲገባ እሳቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ይወጣሉ፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። የሚባባሉት ነገር ካለ በየትናየት በኩል ነው። ጠብ እንዳይመስላችሁ፣ ክብር ነው። እንዲያውም እሱ ሥጋ ሳይገዛላቸው የገባበት በዓል የለም፤ እሳቸውም "ልጁ በልቷል?" ሳይሉ አይተኙም።

ካሊድ የሚባል፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛ አለው። ሁለቱ ያልሞከሩት የለም። ፓወር ሰፕላዩን ቀየሩ። ማሽኑን በባጃጅ ጭነው ጎሚስታ ቤት ወሰዱና ጎማ በሚነፋበት አየር አስነፉት፤ የወጣው አቧራ ማሽላ ይዘራበት ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ዘላለም አይጥ ኬብል በልቶ ይሆናል ብሎ ድመት ሁሉ አመጣ። ድመቷ ሞቅ ያለው ዋይፋይ ላይ ተጋድማ አንቀላፋች እንጂ አንድ አይጥ አልያዘችም።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ትኩሳቱን ራሱ ይመዝግብና እንየው" አለ ካሊድ በመጨረሻ። ግንቦትን ሙሉ አስመዘገቡት። ሰኔ ሁለት ቀን ካሊድ መዝገቡን ከፍቶ ሲያይ ሳቁ ከሱቁ አልፎ መንገድ ወጣ።

"ወላሂ ዘሌ፣ ማሽንህ ክርስቲያን ነው!"

"ምን ትቀባጥራለህ?"

"እየዋ! በሥራ ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ትኩሳቱ ይነሳበታል፣ ሰባት ሰዓት ላይ ድርግም። እሑድ ግን ጤነኛ ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ጤነኛ፣ በሃያ አንድም ጤነኛ። ሚካኤልንና ማርያምን ያከብራል እኮ! ለጁምዐ ግን ደንታም የለው።"

ዘላለም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። እሱ ቀኑን ስቱዲዮ ነው፣ የትናየት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሚካኤልንና ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ውላ የምታስቀድስ እቤቱ ያለችው አንዲት ሴት ናት።

በማግስቱ ካሊድ ያዘዘው አዲስ ዲስክ ከደሴ ደረሰ። ዘላለም ሞተር ሳይክሉን ስቱዲዮው ጋ ትቶ፣ ዲስኩን በብብቱ ይዞ፣ በአራት ሰዓት ቤቱ በእግሩ ገባ። የጓዳው በር ገርበብ ብሏል።

እትዬ አስካለ ማሽኑን ዳንቴል እያለበሱት ነበር። ያውም እንዴት ያለች ዳንቴል! ጥቅጥቅ ያለች፣ ውኃ የማታሳልፍ፣ ከራሱ እስከ ወለሉ የምትደርስ። ጠርዟን ከጀርባው፣ ልክ ማራገቢያው በሚተነፍስበት በኩል፣ እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ ወተፍ ወተፍ አደረጓት።

"ነፋሱ መጣ አባይዬ። አቧራው እንዳይነካህ" አሉት።

ዘላለም ተቆጥቶ ነበር የመጣው። ቁጣው ወዴት እንደሄደ እንጃ። አሁን ሁሉ ገባው። እሱ አመሻሽ ላይ ሲመጣ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ዳንቴሏን ይገፍፏታል፤ አማች ክፍል ገቡ እንዳይባሉ!

የትናየትን እጠብቃለሁ እንዳይል ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ነው። ሰሞኑን ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ወይ ፈተና! ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እትዬ አስካለ፣ እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝና... ይኼ ማሽን ይተነፍሳል። ሲሸፈን ይታፈናል።"

ከውስጥ ዳንቴሏ ከማሽኑ ላይ ስትገፈፍ ተሰማ።

"ለፋሲካ ብዬ ነበር የሠራሁለት" አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። "አባይን እኔ ሳፍነው ከረምሁ?"

"አይዞዎት፣ አቶ አባይ አሁንም አሉ! ዛሬ ወደ አዲሱ ዲስክ ከገለበጥናቸው ይተርፋሉ። ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ሙቀቱን ብቻ ነው የምፈራው፤ የቤቱን ማራገቢያ አብሬ ከሰካሁት መብራቱ አይችለውም።"

"ይግቡና ይሥሩ። ማራገቡን ለእኔ ይተዉት።"

ዘላለም የማሽኑን ሆድ ከፍቶ አዲሱን ዲስክ ሰካ። እትዬ አስካለ በርጩማቸውን አስጠግተው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው፣ በሰሌን ማርገብገቢያ ያራግቡ ጀመር። ከአምስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ! ምሳ አልበሉም። ስልሳ ሦስት የነበረው ትኩሳት ሃምሳ ገባ። አንዴ ወደ ሃምሳ አራት ሲወጣ ዘላለም ደንግጦ ዞረ።

"እጅ ቀይሬ ነው፣ አይደንግጡ" አሉት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግልባጩ አለቀ። ዘላለም ግድግዳውን ተደግፎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያ፣ እንዴት እንደደፈረ ራሱም አያውቅ፣ "ላሳይዎት?" አለ።

እትዬ አስካለ ማርገብገቢያውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። "እኔ እኮ አንድ ቀንም አላየሁት። የትናየት ሐዘንሽ ይነሳብሻል ብላ አይከፈት አለች። እርስዎን ደግሞ በምን አፌ ልጠይቅ?"

ይኼን ሁሉ ጊዜ ሳያዩት ነው የጠበቁት! ዘላለም ዓይኑን ጠርጎ ከፈተላቸው። ከበሮው ተመታ። አቶ አባይ ዱላቸውን ይዘው መሐል ገቡና ዘለሉ፣ እንደገናም ዘለሉ። የእትዬ አስካለ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወይኔ፣ ምን አደረግሁ አለ ዘላለም በሆዱ። ቀና ሲል ግን ሴትዮዋ በሳቅ ሊሞቱ ነው።

"ያዩልኛል ይኼን ውሸታም! የዚያን ዕለት ጠዋት እግሬን ቆረጠመኝ ብሎ ተኝቶ ውኃውን በጀርባዬ ያመላለስሁት እኔ ነኝ! ይዩትማ እግሩን!"

ነጠላቸው ከፊታቸው ወርዶ ትከሻቸው ላይ ወድቋል። አማትም አማችም አላወቁም።

የትናየት ደብተሯን እንደታቀፈች በሩ ላይ ደርሳ ደርቃ ቀረች። እናቷ ማርገብገቢያውን አንስተው ማሽኑን ትተው፣ ስክሪኑን እያራገቡ ነው።

"እማ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ነይ፣ አንቺም ያዥልኝ፣ እጄ ዝሏል" አሉ እትዬ አስካለ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። "አባትሽ ላብ በላብ ሆኗል።"